የጎረቤት ጥቆማ እና የፈረምነው ቃል ኪዳን

በማለዳ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ የቆመ ሰው ሁለት ሰልፍ ያያል። አንዱ የመኪና ነው፦ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ መክፈያ ፊት ተሳቢዎች፣ አይሱዙዎችና የሕዝብ ማመላለሻዎች ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሌላው የሰው ነው፦ ከኮንዶሚኒየም ብሎኮቹ እየወረደ ወደ ቃሊቲና ወደ ሳሪስ የሚሄድ ታክሲ የሚጠብቅ ሕዝብ። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጫፍ ላይ ያለው ይህ መንደር ነዋሪው እርስ በርሱ ገና እየተዋወቀ ነው። መሀል ከተማ ቤቱ ፈርሶበት የመጣ አለ፤ ዕጣ ደርሶት የገባ አለ፤ ከባለዕጣው የተከራየ አለ። በአቅራቢያው ባለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ ቂሊንጦ አካባቢ ባሉ ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠራ ወጣትም ሞልቷል። ቂሊንጦ የታሰረ ዘመዱን ሊጠይቅ ስንቅ ይዞ የሚያልፍም አይጠፋም።

እዚህ ቤት የሚከራይ ሰው ከደላላው የሚሰማቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። «ወንድሜ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምትገቡት? ባለትዳር ነህ ወይስ ላጤ?» ላጤዎች ኪራዩን ብቻቸውን ስለማይችሉት ሁለትም ሦስትም ሆነው አንዲት ስቱዲዮ ይከራያሉ፤ አንድ ፍራሽ የሚጋሩም አሉ። ይህ ለማንም እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። በአገራችን ወንድ ከወንድ ጓደኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ሴትም ከባልንጀራዋ ጋር ወገብ ለወገብ ተቃቅፋ መሄድ ወዳጅነት የሚገለጽበት የቆየ ልማድ ነው። አሁን አሁን ግን አንዳንድ ወጣቶች ሰው ሲያዩ እጃቸውን ቀድመው መልቀቅ ጀምረዋል። እንዲህ ያሳቀቃቸውን ነገር ለመረዳት ወደ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. መመለስ ይጠቅማል።

በዚያ ወር የአዲስ አበባ ከተማ የሰላምና ፀጥታ ቢሮ፣ ግብረ ሰዶም ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና መሰል ተቋማት ላይ ርምጃ መውሰድ መጀመሩን በማኅበራዊ ገጹ አስታወቀ፤ ኅብረተሰቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ ግብረ ሰዶም ይፈጽማሉ የተባሉ ሰዎች ይገረፉ፣ በስለት ይወጉ፣ ይገደሉ የሚሉ ቪዲዮዎች ተሰራጩ፤ ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ የተባለው የመብት ተሟጋች ቡድንም ድምፁን አሰማ። መግለጫው የመንግሥት ነው፣ ቪዲዮዎቹ የግለሰቦች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ወለደው ማለት አይቻልም። ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ግን ሁለቱም የሚያዙት አንድ ነገር ነበር፦ ጎረቤትህን ተመልከት።

ከጎረቤት የሚመጣ ጥቆማ ምን ሊይዝ ይችላል? በተዘጋ በር ውስጥ የሆነውን ጎረቤት አላየም። ያየው የጆሮ ጌጥ ነው፤ የሰማው የለሰለሰ ድምፅ ነው፤ የቆጠረው ማታ የገባውን እንግዳ ነው። ጥቆማው በመልክ ይጀምራል፣ በመልክም ያልቃል። ስለዚህ የሚጠቆመው ማንም ሊሆን ይችላል፦ ጸጉሩን ያሳደገ ተማሪ፣ እስካሁን ያላገባ ጎልማሳ፣ ከጓደኛዋ ጋር ለዓመታት አብራ የኖረች የፋብሪካ ሠራተኛ። የምከራከረውም እዚህ ላይ ቆሜ ነው። ሃይማኖታችን ስለ ድርጊቱ የሚለው ይታወቃል፤ አንባቢዬ እምነቱን እንዲለውጥ አልጠይቅም። ኢትዮጵያ ፈርማ የሕጓ አካል ያደረገቻቸው ውሎች ግን ለማንኛውም ሰው፣ ለተጠቆመውም ጭምር፣ የማይነኩ ነገሮችን አስቀምጠዋል። አይደበደብም፤ አይዋረድም፤ ቤቱ በዘፈቀደ አይበረበርም፤ ሲታመም ሕክምና አይከለከልም። ብዙዎቻችን ስለ ውሎቹ ሲወራ ጆሯችን የሚይዘው «የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሊያመጡብን ነው» የሚለውን ብቻ ነው።

ይህን ስጋት መጀመሪያ ላንሳው፣ ምክንያቱም ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። ኢትዮጵያ የፈረመችው አንድም የተባበሩት መንግሥታት ውል የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕግ እንድታውቅ አያስገድዳትም። የዓለም አቀፉን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አፈጻጸም የሚከታተለው በጄኔቫ የሚሰበሰበው የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በዚህ ጉዳይ በቀጥታ ተጠይቆ መልሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆስሊን በተባለችና በሌሎች የኒውዚላንድ ሴቶች አቤቱታ ላይ ሲወስን፣ ቃል ኪዳኑ ስለ ጋብቻ ሲናገር ወንድና ሴት የሚል በመሆኑ፣ ኒውዚላንድ ለሁለት ሴቶች የጋብቻ ፈቃድ መከልከሏ ቃል ኪዳኑን አይጥስም ብሏል። ክርክሩ ያለው ጋብቻ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን መኝታ ቤት በር ላይ ነው፦ መንግሥት ያንን በር ሰብሮ የመግባት ሥልጣን አለው ወይ?

በአገራችን ሕግ ሥልጣን ያለው ይመስላል። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚፈጸም የፍትወት ድርጊትን በቀላል እስራት ያስቀጣል። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት የሚደርስ ነው። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 630 የሌላውን ችግር ወይም የራስን ሥልጣን መጠቀሚያ ማድረግን፣ ዛቻን፣ ኃይልን፣ ማታለልን እንደ ማክበጃ ይቆጥርና ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል።

የዚህ ድንጋጌ የትውልድ ታሪክ ከተለመደው ወሬ ይለያል። ኬንያና ኡጋንዳ ተመሳሳይ ሕጋቸውን የወረሱት ከእንግሊዝ ቅኝ ገዥ ነው፤ እኛን ማንም አልገዛንም። ይሁንና የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ምሁር ዣን ግራቨን ናቸው። ያ ሕግ በአንቀጽ 600 ድርጊቱን በቀላል እስራት ይቀጣ ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ሐሳቡን ይዞት ቀጠለ። የሚገርመኝ የዘመኑ አቆጣጠር ነው። የግራቨን አገር ስዊዘርላንድ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚፈጸመውን ግንኙነት እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ከወንጀል ዝርዝሯ አውጥታው ነበር። እሷ ከተወችው ከ15 ዓመት በኋላ እኛ በሕግ ጻፍነው። እርግጥ ረቂቁን የመረመሩትና ያጸደቁት ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ከዚያ በፊትም ለዘመናት የፍርድ ምንጭ የነበረው ፍትሐ ነገሥት ነበረን። ስለዚህ «ከውጭ የመጣብን ነው» የሚለው ክርክር የትኛውም ወገን ቢያነሣው ብዙ አያስኬድም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከወላጆች ጋር የተነጋገረ ሰው ወሬው ወዲያው ወደ ልጆች እንደሚዞር ያውቃል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በከተማችን አለ፣ በወንድ ልጆችም ላይ ይፈጸማል። ግን ሕጉ ራሱ ሁለቱን ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው። በልጆች ላይ የሚፈጸመው በአንቀጽ 631 ይገዛል፦ ተጎጂው ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ከ15 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት። አንቀጽ 629 ነገ ቢሰረዝ ከዚህ ውስጥ አንዲት ቀን አትቀነስም። እንዲያውም መደባለቁ ተጎጂዎችን ይጎዳል። የአስገድዶ መድፈር ድንጋጌው አንቀጽ 620 የሚናገረው ስለ ተደፈረች ሴት ነው። በወንድ የተደፈረ አዋቂ ወንድ አቤቱታው የሚስተናገደው በአንቀጽ 630፣ ማለትም በግብረ ሰዶም ማክበጃ ሥር ነው። ተደፈርኩ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ የሚገባ ሰው የደረሰበት በደል ስሙ ከራሱ ጥፋት ጋር አንድ ሆኖ ሲጠብቀው፣ አፉን ቢዘጋ ማን ይፈርድበታል?

አሁን ወደ ፈረምናቸው ውሎች ልምጣ። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የተቀበለችው በሰኔ 1985 ዓ.ም. ነው፤ የሽግግሩ መንግሥት ገና ሁለተኛ ዓመቱን እየጨረሰ ሳለ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። አንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ድንጋጌዎቹ ከእነዚህ ሰነዶች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። የግል ሕይወትን የሚጠብቀው አንቀጽ 26 ነው። መኖሪያ ቤት፣ አካል፣ ንብረት፣ ደብዳቤ፣ የስልክ ግንኙነት ሁሉ በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር ናቸው።

ቃል ኪዳኑን በፈረምን በዓመቱ፣ በመጋቢት 1994 እ.ኤ.አ.፣ ኮሚቴው እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ውሳኔ ሰጠ። ከሳሹ ኒኮላስ ቱነን የሚባል የአውስትራሊያ የታዝማኒያ ግዛት ነዋሪ ነበር። የግዛቲቱ ሕግ በአዋቂ ወንዶች መካከል በፈቃድ የሚደረግን ግንኙነት ወንጀል ያደርግ ነበር፤ ለዓመታት ማንም አልተከሰሰበትም። የታዝማኒያ ባለሥልጣናት ሕጉ ለሥነ ምግባርና የኤድስን ስርጭት ለመግታት ያስፈልጋል ብለው ተከራከሩ። ኮሚቴው ሁለቱንም አልተቀበለም። ሕጉ ሥራ ላይ ባይውል እንኳ በሰውየው ግላዊ ሕይወት ላይ በዘፈቀደ የሚፈጸም ጣልቃ ገብነት ነው አለ። እንዲህ ያለው ሕግ ሰዎችን ከሐኪም እያሸሸ የበሽታን መከላከል ያደናቅፋል አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃል ኪዳኑ በጾታ ምክንያት መድልዎን ሲከለክል የፍቅር ዝንባሌንም እንደሚጨምር ተናገረ። ታዝማኒያ በ1997 እ.ኤ.አ. ሕጉን ሰረዘች። ኮሚቴው የኢትዮጵያን ሪፖርት በ2011 እ.ኤ.አ. ሲመረምርም ይህንኑ አቋሙን ይዞ፣ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረገውን ግንኙነት ከወንጀልነት እንድታወጣ መክሯል። ምክሩ ፍርድ አይደለም፤ የሚያስፈጽመው ፖሊስ የለውም። የቃል ኪዳኑን ትርጉም የሚናገረው ግን እኛ ራሳችን ሪፖርት የምናቀርብለት አካል ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት አቋም ከዚህ ተቃራኒ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2016 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በፍቅር ዝንባሌና በጾታ ማንነት ምክንያት የሚደርስን ጥቃትና መድልዎ የሚያጠና ራሱን የቻለ ባለሙያ እንዲሾም ሲወስን፣ ድምፁ 23 ለ18 ሆኖ 6 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል። ኢትዮጵያ ከ18ቱ ተቃዋሚዎች አንዷ ነበረች። ከኛ ጋር ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ነበሩ። የተቃውሞው ምክንያት ችላ የሚባል አይደለም፦ በየትኛውም ውል ላይ በግልጽ ያልተጻፈን ነገር በትርጉም እየጨመራችሁ ነው፤ የብዙኃኑን ሃይማኖትና ባህል ወደ ጎን እየገፋችሁ ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢንዶኔዥያዋ ዮግያካርታ የተሰባሰቡ የሕግ ባለሙያዎች ያወጧቸው 29 መርሆዎችም በዚሁ ይነቀፋሉ። እውነትም መርሆዎቹ ውል አይደሉም፤ ማንም መንግሥት አልፈረማቸውም። የአፍሪካ ቻርተርም በበኩሉ ኅብረተሰቡ የሚቀበላቸውን የሥነ ምግባርና ባህላዊ እሴቶች መጠበቅ የመንግሥት ግዴታ መሆኑን በአንቀጽ 17 ይናገራል። ለተቃዋሚዎቹ ይህን ሁሉ እሰጣቸዋለሁ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የትኛው አፍሪካዊ እሴት ነው ሰውን በጥርጣሬ መደብደብን የፈቀደው?

ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም፤ አፍሪካዊ መልስም አለው። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን መቀመጫው ባንጁል፣ ጋምቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሉዋንዳ፣ አንጎላ ባደረገው 55ኛ መደበኛ ጉባኤው ውሳኔ ቁጥር 275ን አጸደቀ። ስለ ጋብቻ አንድም ቃል የለበትም። በእውነተኛም ሆነ በተገመተ የፍቅር ዝንባሌ ወይም የጾታ ማንነት ምክንያት የሚፈጸም ግድያን፣ መድፈርን፣ ድብደባን፣ የዘፈቀደ እስርንና ማስፈራራትን ያወግዛል። መንግሥታትም ጥቃቱን የፈጸመው የራሳቸው ሠራተኛ ቢሆን እንኳ እንዲመረምሩና እንዲቀጡ ይጠይቃል። በተገመተ የሚለው ለቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የተጻፈ ይመስለኛል። ውሳኔው ተጠርጣሪው በእርግጥ ምን እንደሆነ አይጠይቅም፤ መጠየቁ ራሱ አስፈላጊ አይደለም።

ኮሚሽኑ በዚህ መንገድ ብዙ አልሄደም። የአፍሪካ ሌዝቢያኖች ጥምረት ለተባለው ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. የታዛቢነት መብት ሰጠ፤ የአፍሪካ ኅብረት ሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤት ከአህጉሩ እሴት ጋር አይሄድም በሚል ለዓመታት ተጫነው፤ በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. መብቱ ተነጠቀ። የኅብረቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ በሚደረስበት ከተማ መሀል ነው፤ ይህን ሁሉ የሩቅ ፖለቲካ አድርጎ ማየት አልችልም። ሆኖም ውሳኔ 275 አልተሻረም።

«ባህላችን ነው» የሚለው መልስ ባንጁል ድረስ ሄዶ ምን እንደገጠመው ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ ጉዳይ ያሳያል። ጉዳዩ የተመሳሳይ ጾታ አይደለም፤ የጠለፋ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. አርሲ ውስጥ የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ከተለቀቀች በኋላ እንደገና ተጠልፋ የጋብቻ ውል እንድትፈርም ተገደደች። በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ዋናውን ተከሳሽ 10 ዓመት፣ ተባባሪዎቹን 8 ዓመት ፈረደባቸው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው፣ ሁሉም ተለቀቁ። የአገር ውስጥ በር ሁሉ ሲዘጋ ኢኳሊቲ ናው እና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቤቱታውን በ2007 እ.ኤ.አ. ባንጁል አስገቡ። ኮሚሽኑ በ2015 እ.ኤ.አ. ወሰነ፦ ኢትዮጵያ የልጅቱን ክብር፣ አካላዊ ደኅንነት፣ ነፃነትና ፍትሕ የማግኘት መብት መጠበቅ አልቻለችም፤ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣም ይከፈላት።

እዚህ ጉዳይ ላይ የምቆየው ስለ ጠለፋ ይነገር የነበረው ሁሉ ዛሬ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ከሚነገረው ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ጠለፋም የአባቶች ወግ ነበር፤ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ሲቃወሙትም የፈረንጅ ሐሳብ የሚያመጡ ተደርገው ተወቅሰዋል። የ1996ቱ ሕግ ነፃ የሚያወጣውን ድንጋጌ አስወገደ፤ ጋብቻ መፈጸሙ ተጠያቂነትን አያስቀርም አለ። ያም ሆኖ የፍትሐት ወግ፣ ሽምግልናው፣ ሠርጉ፣ ቡናው በመንደሩ አሉ፤ የጎደለ ባህል የለም። ልዩነቱንም አልደብቅም። ጠለፋ ፈቃድ የሌለው ነው፤ በአዋቂዎች መካከል ያለው ግንኙነት ፈቃድ ያለው ነው። እንግዲህ ለተገደደችው ልጅ መብት የሰጠ ሕግ ያልተገደደውን ሰው የሚያሳድድበትን ምክንያት መረዳት ይበልጥ ይከብደኛል።

በአህጉሩ መንገዱ አንድ አይደለም። ቦትስዋና እ.ኤ.አ. በ2019 በከፍተኛ ፍርድ ቤቷ፣ በ2021 ደግሞ በይግባኝ ፍርድ ቤቷ ግንኙነቱን ወንጀል የሚያደርገውን ሕግ አስወገደች፤ ሞሪሺየስ በ2023፣ ናሚቢያ በ2024 ተከተሉ። ኡጋንዳ በተቃራኒው በግንቦት 2023 የሞት ቅጣት ጭምር ያለበት ሕግ አወጣች። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ኬንያ ይመስለኛል። የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግንቦት 2019 የወንጀል ድንጋጌው እንዲሻር የቀረበለትን ጥያቄ ውድቅ አድርጓል፤ ሕጉ ዛሬም አለ። ያም ሆኖ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በየካቲት 2023 በሦስት ለሁለት ድምፅ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበር እንዳይመዘገብ መከልከሉ ሕገ መንግሥታዊ አይደለም አለ። ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ ስላለ ሰውየው ዜግነቱን አያጣም ማለታቸው ነው። ጩኸቱ ብዙ ነበር፤ ፓርላማውም ተንጫጫ፤ ፍርዱ ግን ጸንቷል።

እኛም አገር መንግሥት ጩኸትን ያበረደባቸው ጊዜያት አሉ። በኅዳር 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአፍሪካን የኤድስ ጉባኤ ስታስተናግድ፣ ከጉባኤው በፊት ስለ ተመሳሳይ ጾታ ወንዶች ጤና የሚመክር ስብሰባ መታቀዱ የሃይማኖት መሪዎችን አስቆጣ፤ በይፋ ሊያወግዙ ጋዜጠኞችን ጠሩ። የያኔው የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ቴድሮስ አድኃኖም አነጋገሯቸው፤ መግለጫው ቀረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ድርጊቱን ይቅርታ ከማይደረግላቸው ወንጀሎች ዝርዝር ለመጨመር የቀረበው ሐሳብ ተተወ፤ በሚያዝያ ድርጊቱን በመቃወም ሊደረግ የነበረው ሰልፍም ተሰረዘ። ስለዚህ የነሐሴ 2015ቱ መንገድ አማራጭ ያልነበረው አልነበረም።

ያ የጤና ስብሰባ ያነሣው ነገር በመክፈያ ጣቢያው ፊት የተሰለፉትን ተሳቢዎች ይመለከታል። ይህ መስመር የኢትዮጵያ የወደብ መንገድ ነው፤ ሾፌር፣ ረዳት፣ ደላላ፣ የመኝታ ቤት ሠራተኛ የሚገናኙበት። የ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የኤችአይቪ ስትራቴጂ ዕቅድ ትኩረት ከሰጣቸው መካከል የረጅም ርቀት ሾፌሮች፣ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችና የሕግ ታራሚዎች ነበሩበት። ከወንድ ጋር የሚተኙ ወንዶች አልነበሩበትም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ በከተማዋ ስላሉ እንዲህ ያሉ ወንዶች ካጠኑ ግን ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ እርስ በርሳቸው «ዜጋ» የሚባባሉት እነዚህ ሰዎች ከሾፌሩ፣ ከተማሪው፣ ከባለትዳሩ ተለይተው የሚኖሩ አይደሉም። ሚስት ያላቸው አሉ። ጤና ጣቢያ ሄዶ እውነቱን መናገር ያልቻለ ሰው ያልታወቀ ቫይረስ ይዞ ወደ ቤቱ ነው የሚገባው፤ ይህን ታዝማኒያ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ከ30 ዓመት በፊት ተናግሮታል።

ከጾታ ማንነትና ከፍቅር ዝንባሌ ጋር ተጠቅልሎ የሚነገር ሌላ ጉዳይ ስላለ፣ ስለ እሱ ለብቻው ጥቂት ልበል። የወንድ ወይም የሴት ተብሎ በቀላሉ የማይለይ አካል ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ። ይህ የማንም ምርጫ አይደለም፤ የየትኛውም አገር ዘመቻም ውጤት አይደለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የሕዝብ ቆጠራዋ ለብቻቸው ቆጥራ 1,524 ሰው መዘገበች፤ በ2022 ባወጣችው የሕፃናት ሕግም ዕውቅና ሰጠቻቸው። የአፍሪካ ኮሚሽን በመጋቢት 2023 ባወጣው ውሳኔ 552፣ ልጆቹ ራሳቸው ሳይጠየቁ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና እንዳይደረግባቸው ጠየቀ። እኛ ጋ የልደት ምዝገባ ቅጹ ሁለት ሣጥን አለው፤ ሐኪሙ ገና እያመነታ ሳለ አንዱ ምልክት ይደረግበታል። ጎረቤት ሳይሰማ ልጁን ለማሳደግ የሚጨነቅ ቤተሰብ ከሃይማኖት አባቱም ከሐኪሙም የሚሻው እርዳታ ነው፤ ጉዳዩን ከወንጀል ሕጉ ጋር ማያያዝ ለዚያ እናት ጭካኔ ነው።

ኢትዮጵያ ግለሰቦች በቀጥታ ወደ ጄኔቫው ኮሚቴ አቤት የሚሉበትን ተጨማሪ ፕሮቶኮል አልተቀበለችም። ባንጁል ክፍት ነው፤ ግን አርሲ የተጠለፈችው ልጅ ውሳኔዋን ያገኘችው ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሚወሰነው እዚሁ ነው፣ በመንደሩ ፖሊስ ጣቢያ። በጥቆማ ወይም በወሬ ምክንያት የተደበደበ ወጣት ሲመጣ ምን ይደረጋል? የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 555 ከባድ፣ በአንቀጽ 556 ቀላል የአካል ጉዳትን ይቀጣል፤ ተጎጂው ማን እንደሚወድ የሚጠይቅ ንዑስ አንቀጽ የላቸውም። መርማሪው ተጎጂውን ለሕክምና ማስረጃ ይልካል፣ ምስክር ይሰማል፣ የደብዳቢዎቹን ስም ይጽፋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ይህ ለተጠቆመውም ለደብዳቢውም ይሠራል። የተጎጂውን ስልክ ከፍቶ ፎቶዎቹን ማገላበጥ ግን የድብደባው ምርመራ አካል አይደለም፤ ለዚያ፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል።